ዓለምን የሚገዙት ሰዎችና የጋፋት ወፍጮ

ወንድሜ ይሻው ዓለምን የሚገዙ አሥራ ሦስት ቤተሰቦች መኖራቸውን ያውቃል። የሚሰበሰቡበትን ሆቴል፣ የሚቀመጡበትን ወንበር ሳይቀር ያውቃል። ጎተራው ውስጥ ስንት ቁና ገብስ እንደቀረ ጠይቁት፤ ሚስቱን ይጠራል።

መዋያው እኔ የምሠራበት የጋፋት ወፍጮ ቤት ነው። ሴቶቹ ተራ በሚጠብቁበት ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ስልኩን ከፍቶ ያስተምራል።

«የስልኩም፣ የመድኃኒቱም፣ የማዳበሪያውም ኩባንያ ባለቤቱ አንድ ነው። ስሙ ይለያያል እንጂ እጁ አንድ ነው። ጥቂት ሰዎች በር ዘግተው ይወስናሉ፣ ሌላው ያጨበጭባል።»

«ኧረ በስመአብ!» ይላሉ ሴቶቹ።

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ጠየቅሁት። «ስልኩን የሠሩት እነሱ ከሆኑ፣ ሚስጥራቸውን በገዛ ስልካቸው ለአንተ የሚነግሩህ ምን ነክቷቸው ነው?»

«እታለም፣ ይሄ ጥልቅ ነገር ነው። አንቺ አይገባሽም።»

ሞተሩን አስነሣሁበት። ጩኸቱ ሌላ ምንም አያሰማም፤ እሱ ግን አፉን ማንቀሳቀሱን አልተወም። ኩባንያዎቹን ጥቂት ሰዎች ይዘዋቸው ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል፤ እኔ ምን አውቄ። እንደ ወንድሜ ያለ ጅል ሲያወራው ግን እውነቱም ውሸት ይመስለኛል።

ወፍጮው የማኅበራችን ነው። ድንጋዩን በጀርባችን ተሸክመን የሠራነው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሞተሩን የማስነሣው፣ እህሉን የምፈጨው እኔ ነኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቼ የሚበሉት ከዚሁ ነው።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ታምራት አባላቱን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ዋርካው ሥር ሰበሰቡ። እኔ ስብሰባ አልወድም። ሰው ሲንዛዛ መስማት ያንገሸግሸኛል። ይሻውን «አለች በላቸው፤ በእኔም ፈንታ ፈርም» ብዬ ወደ ቤቴ ሄድሁ። እንዲህ የማያደርግ ሰው በአገሩ የለም።

በሳምንቱ የአቶ ታምራት ሚስት ወንድም ፋሲል አዲስ ቁልፍ አንጠልጥሎ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ወፍጮው ለአሥር ዓመት ለእኔ ተከራይቷል» አለኝ። «የራሴን ሠራተኛ አመጣለሁ።»

ይሻውን እየጎተትሁ አቶ ታምራት ቤት ገባሁ። ሰውየው አልተቆጡም፤ ቃለ ጉባኤውን ከሣጥን አወጡ።

«ጠቅላላ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ነው የወሰነው» አሉ።

ይሻው ፊቱ በራ። እኔ እንጀራዬን እያጣሁ እሱ ደስ አለው! «አላልሁሽም እታለም? በር ዘግተው ነው የወሰኑት!»

«የምን በር?» አሉ አቶ ታምራት። «ዋርካ ሥር ነበርን። አንተም ስልክህን እያየህ እጅህን አውጥተሃል።»

«ስብሰባው ይዘጋ የተባለ መስሎኝ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ስንት ሰው ነበር?» አልሁት።

«ዘጠኝ።»

ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ አርባ አንድ ነው። ያልመጣው ሁሉ በወንድሙ፣ በጎረቤቱ እጅ ፈርሟል። ሌቦች ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት የአቶ ታምራት ጣት አሥራ ሰባተኛው ስም ላይ አረፈ። ዓይናለም ይላል። ስሜ ነው። ከጎኑ የይሻው የተንጋደደ ፊርማ አለ።

«ይሄ ያንቺ አይደለም?» አሉኝ ለስለስ ብለው። «ካልሆነ ንገሪኝ፤ በሰው ስም የፈረመው በሕግ ይጠየቃል።»

ይሻውን አየሁት። አሥራ ሦስቱን ቤተሰቦች የማይፈራው ሰው ላብ አጥምቆታል። ጠላሁት። ራሴንም ጠላሁ።

«የእኔ ነው» አልሁና የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ይሻው ስልኩን አውጥቶ መልሶ ኪሱ ከተተ። ከዚያ አላስችል አለው።

«እታለም፣ ታምራት ብቻውን ይህን አያደርግም። ከኋላው ሌሎች ሰዎች አሉ።»

«አሉ እንጂ» አልሁት። «አንተና እኔ ነን።»