የታጠበው ግልገል

በእኛ ግቢ ጠዋት የሚጀምረው በቆጠራ ነው። መጀመሪያ ልጄን፣ ቀጥሎ ላሟን፣ ሁለቱን በጎች፣ ሰባቱን ዶሮዎች፣ መጨረሻ ላይ ውሾቹን። ባለቤቴ ወደ ወፍጮ ቤት ሥራው ሊሄድ ጫማውን እያሰረ «እኔንስ አትቆጥሪኝም?» ይለኛል። እሱ የት ይሄዳል? የሚቆጠረው የሚጠፋ ነገር ነው።

ውሾቹ ሁለት ናቸው። ቡችላዋን፣ ጥጥን፣ ማንም ይወዳታል። ትልቁ ሻምበል ይባላል። ስሙን ያወጣለት ባለቤቴ ነው፤ «በዚህ ቤት ማዕረግ ያለው እሱ ብቻ ነው» ይላል። ደረተ ሰፊ ነው፤ ሲጮኽ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። የዛሬ ሁለት ዓመት የሞተች ዶሮ በአፉ ይዞ ወደ ደጃፌ ሲመጣ አየሁት። ባለቤቴ «ጭልፊት የጣላትን አንስቶ ነው፤ እንዲያውም ሊያስረክብሽ ነው ያመጣት» አለ። ይሆናል። እኔ ግን በዚያው ሳምንት የበጎቹን ጋጣ በአጥር አስለየሁት። በሩ ላይ ሁለት መቀርቀሪያ፣ በመቀርቀሪያዎቹ ላይ ደግሞ ሽቦ። ከዚያ ወዲህ ሻምበል ቀን ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፤ በዚያ በርም አልፎ አያውቅም።

ከሁለቱ በጎች አንዷ ሹሩባ ናት። ጠጉሯ አንገቷ ላይ እየተጠቀለለ ስለሚወርድ ስሙን ልጄ ናት ያወጣችላት። ሹሩባ ለመጀመሪያ ጊዜ ማርገዟ ሲታወቅ ባለቤቴ ሳያማክረኝ «የሚወለደው ያንቺ ነው» ብሎ ለልጃችን ቃል ገባላት። እኔ እንዲህ ያለ ቃል አልወድም። በእግሩ ቢመጣስ? ሁለት ሆነው ቢጣበቁስ? ሞቶ ቢወለድ ለስምንት ዓመት ልጅ ምን ይባላል? ልጃችንን ሚጢ እንላታለን፤ ቀኗ ሳይደርስ፣ ከመዳፍ ብዙም ሳትበልጥ ስለተወለደች ነው። ዛሬ እንደ ፍየል አጥር ላይ ብትወጣም ስሙ አብሯት ቀርቷል፤ እኔም ላይ የቀረ ፍርሃት አለ።

ቅዳሜ ማለዳ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ ሹሩባ ወልዳለች። ያን ሁሉ ቀን ስጠብቃት ከርሜ አንድ ባልዲ እስክሞላ! ግልገሉ ጭዱ ላይ ወድቆ ይንቀጠቀጣል። ጥቁር ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። ሹሩባ ገና ልታሸተው አንገቷን ዘርጋ አድርጋለች። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው፤ ዝልግልጉን፣ ደሙን፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን እበት። ከአሥረኛ ክፍል ባዮሎጂ እስከ ዛሬ አብሮኝ ያለው ጀርም ብቻ ነው፤ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ሲስለው እግር ያለው ይመስል ነበር። እትብቱን ሳየው ጀርሞቹ በዚያ በኩል ሲገቡ ታዩኝ።

አንስቼው ወደ ማድ ቤት ሮጥኩ። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አደረግኩ፤ የሚጢን ሳሙና፣ ያንን አበባ አበባ የሚለውን፣ አመጣሁ። ከጆሮው እስከ ሰኮናው አጠብኩት፤ ደግሜ አለቀለቅኩት፤ በፎጣ አደረቅኩት። ተመልሼ ጭዱን ሁሉ ጠረግኩ፤ እንግዴ ልጁን ጓሮ ቀብሬ አመድ ነሰነስኩበት፤ ለማንኛውም ብዬ በረኪና ደፋሁበት። ሁሉን ጨርሼ ግልገሉን እናቱ ፊት ሳቆመው እንደ አዲስ ጫማ ያብረቀርቅ ነበር።

ሹሩባ አሸተተችው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ከዚያ በግንባሯ ጎሽማ ጣለችው።

ሚጢ በሌሊት ልብሷ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ስሙን እዚያው አወጣችለት፤ ቦቃ። ቦቃ እየተንገዳገደ ተነሥቶ እንደገና ወደ እናቱ ሄደ። እንደገና ጣለችው።

«እማ፣ ለምንድን ነው የምትገፋው? አስቀያሚ ስለሆነ ነው?»

«የኔ ማር፣ እሱ ምኑ ያስቀይማል።»

«እንግዲያው ሹሩባ ክፉ እናት ናት።»

የላሟን ወተት ላሙቅ ብዬ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። እውነቱን ለመናገር ወተቱ ሙቅ ነበር።

የሚጢን የድሮ ጡጦ እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። ቀቅዬ፣ ሞልቼ አቀረብኩለት። ቦቃ ጥርሱን ገጠመ። ወተቱ ባገጩ ወርዶ ቀሚሴ ላይ አለቀ። ባለቤቴ ለምሳ ሲመጣ ሽፋሽፍቱ ድረስ ዱቄት ለብሶ ነበር፤ ሳይታጠብ በጊቱን አንገቷን ይዞ አቆማት፣ እኔ ግልገሉን ከግቷ ሥር አስጠጋሁ። ሹሩባ ግቷን ደብቃ ዝርግፍ ብላ ተኛች።

«በግ አይደለችም እኮ፤ ተቀምጬ አልሰማም ያለች ባለሥልጣን ናት» አለ ባለቤቴ፤ ግን አልሳቀም። «ሚጢ፣ ሩጪ፣ እትዬን ጥሪ።»

እትዬ ጎረቤታችን ናቸው፤ ከጤና ጣቢያ በጡረታ የወጡ አዋላጅ። በሰፈሩ ከሰላሳ ዓመት በታች የሆነውን ሁሉ ያዋለዱት እሳቸው ናቸው፤ ሚጢንም፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ በጉንም ላሙንም። እንደገቡ ቦቃን አንስተው አፍንጫቸው ላይ አስጠጉት። ደግመው አሸተቱት። ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«ይሄ ግልገል ሳሙና ሳሙና ይላል።»

እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩ።

«እትዬ፣ ጀርም እንዳይ…»

«ጀርም! ልጄ፣ እኔ ከጀርም ጋር የተዋወቅሁት አንቺ ሳትወለጂ ነው። በግ ልጇን የምታውቀው በዓይኗ መሰለሽ? በአፍንጫዋ ነው። ስሙን አጥበሽ አጠፋሽበት እኮ። እንግዴ ልጁ የት አለ? በሱ እናሸው ነበር።»

«ቀበርኩት።»

«ይቆፈራ።»

«በረኪና ደፍቼበታለሁ።»

ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ሌላስ?» አሉ እትዬ። «የበጊቱን ጥርስ አልቦረሽሽም? አንቺ'ኮ ድሮም እንዲሁ ነሽ። ይቺ ልጅ ተወልዳ ስታለቅስ ‹ምን ሆና ነው የምታለቅሰው› አልሽኝ፤ ዝም ስትል ደግሞ ‹ምን ሆና ነው ዝም ያለችው›።» ቦቃን ክንዳቸው ላይ አስተካክለው አፉ ውስጥ ጣታቸውን አስገቡ፤ ድምፃቸው ወረደ። «አፉ መቀዝቀዝ ጀምሯል። እስኪመሽ የእናቱን እንገር ካልቀመሰ ነገን አያይም።»

እንገር የመጀመሪያው ወፍራም ወተት ነው፤ ግልገል ያለ እሱ አይጠነክርም። ይህን አውቅ ነበር። ባዮሎጂም ላይ ነበረ።

ሚጢ ወደ እኔ ዞረች። «እማ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሹሩባ ክፉ አይደለችም። ሽታውን አጥቤ አጠፋሁባት፤ የሌላ ልጅ መስሏት ነው የምትገፋው። ጠዋት ስትጠይቂኝ ማድ ቤት ገባሁ፤ ያን ጊዜ ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

ልጄ ከንፈሯን ነክሳ አሰበች። «እኔንም በየቀኑ ታጥቢኛለሽ። እስካሁን ግን አልጠፋሁብሽም።»

ይህን ስትል እየወቀሰችኝ ይሁን እያጽናናችኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እትዬ ከሹሩባ ግት ጥቂት እንገር አለቡና የቦቃን ግንባር፣ ጀርባና ከጭራው ሥር ቀቡት፤ የበጊቱንም አፍንጫ ነካ አደረጉ። ሹሩባ አሸተተች። ጆሮዋን ወደ ፊት ወደ ኋላ አለች፤ ተጠራጠረች። ተቀበለችው ስል ጎሸመችው። ከበፊቱ ለስለስ ያለ ነው፤ ግን ገፋችው። ቦቃ በዚህ ጊዜ ለመነሣት ብዙ ቆየ። ጥላው ረዝሟል፤ ዶሮዎቹ ወደ ቆጣቸው መውጣት ጀምረዋል።

«ውሻ አምጡ» አሉ እትዬ።

«ውሻ? እዚህ?»

«አዎ፣ ውሻ። እናት በግ ልጄ ነው ወይስ አይደለም ብላ ስታመነታ ውሻ ሲመጣባት ማመንታቱን ትተዋለች። ሁልጊዜ አይሠራም። አሁን ግን ሌላ የቀረን የለም።»

«ጥጥን ላምጣ?» አለ ባለቤቴ።

«ያችን የጥጥ ኳስ ማን ይፈራታል? ትልቁን ነው እንጂ። የኔ በጎችማ ከውሻው ጋር ተደጋግፈው ነው የሚተኙት፤ እነሱ ዘንድ አይሠራም ነበር። የናንተዋ ውሻ በቅርብ አይታ አታውቅም።» አጥሩን፣ መቀርቀሪያዎቹን፣ ሽቦውን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ቀን እንኳ ፍርሃትሽ ለሥራ ይዋል።»

በአንድ ጊዜ ሁሉም ታየኝ፤ ገመዱ ሲበጠስ፣ ያ ሰፊ ደረት በላዬ ሲያልፍ፣ ጥቁሯ ትንሽ አንገት በዚያ አፍ ውስጥ። ዶሮዋ በአፉ ውስጥ እንዴት እንደተንጠለጠለች እስከ ላባዋ ትዝ አለኝ።

«እማ፣ ይበላዋል?» አለች ሚጢ።

ሁሉም አዩኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ‹ይበላዋል› የምል ሰው መሆኔን ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ቦቃ እንደገና ሊነሣ ሞከረና የፊት ጉልበቱ ላይ ቀረ።

«ገመዱን እኔ እይዘዋለሁ» አልኩ።

ባለቤቴ «ተይው፣ እኔ…» ሲል «ሌላ ሰው ከያዘው ልቤ ይቆማል» አልኩት።

ሻምበልን ከሰንሰለቱ ፈትቼ ገመድ አሰርኩለት፤ በላዩ ሁለተኛ ገመድ ጨመርኩ። አንዱን እጄ ላይ ሦስት ጊዜ ጠመጠምኩት፤ የሌላውን ጫፍ ባለቤቴ ያዘው። በሩ ጋ ስንደርስ ሻምበል ቆመ። ጎተትኩት፤ አልገባም አለ። ሁለት ዓመት ወደዚያ በር በተጠጋ ቁጥር ስጮኽበት ስለኖርኩ ዓይን ዓይኔን ነበር የሚያየው።

«ግባ» አልኩት። «ዛሬ ተፈቅዶልሃል።»

ገባ። ሹሩባ ቀና አለች። ሻምበል ቦቃን አየና ጆሮው ቆመ፤ አንገቱን ዘርግቶ አሸተተ፣ አንድ እርምጃ ሄደ። ገመዱ እጄን ጨመቀው። ያን ጊዜ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ፤ ቦቃ ተነሣ። ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ እናቱ የመሰለው ያ ሞኝ ግልገል እየተንገዳገደ በቀጥታ ወደ ውሻው መጣ። ሻምበልም ጭራውን ቀስ ብሎ ወዘወዘና ምላሱን አወጣ።

ሹሩባ መሬቱን በፊት እግሯ ደበደበች። አንዴ። ሁለቴ። ከዚያ ተወረወረች። በቦቃና በውሻው መካከል ገብታ ሻምበልን ደረቱ ላይ በግንባሯ መታችው፤ ድው ሲል ሁላችንም ሰማን። ሻምበል፣ ማዕረግ ያለው እሱ፣ እንደ ቡችላ እሪ አለና ዞሮ ቀሚሴ ውስጥ ገባ። በገመዱ ተጠልፌ ጭዱ ላይ ቁጭ አልኩ። ከኋላዬ ባለቤቴ «ሻምበል አፈገፈገ!» ሲል ሰማሁ።

«ዝም በሉ» አሉ እትዬ። «እዩዋት።»

ሹሩባ እያለከለከች ትንሽ ቆየችና ወደ ኋላዋ ዞረች። ቦቃ ከሆዷ ሥር ቆሟል። ግንባሩን አሸተተች፤ ከዚያ ጀርባውን፤ ከዚያ ከጭራው ሥር። ከጉሮሮዋ ሰምቼው የማላውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ ወጣ። ላሰችው። የሚጢን ሳሙና፣ የኔን ፎጣ፣ ሁሉንም ላሰችው። ቦቃ ወዲያ ወዲህ በአፍንጫው ሲፈልግ ቆይቶ ግቷን አገኘ፤ ጭራው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሚጢ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጭዱ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ሻምበል ጭኔ ላይ አገጩን አስደግፎ ይንቀጠቀጣል። እጄን ጭንቅላቱ ላይ አደረግኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ዳብሼው አላውቅም ነበር፤ ጆሮው ከኋላ በኩል እንዲያ ለስላሳ መሆኑን የት አውቄ።

«እትዬ» አልኩ፣ «ብዙ ጠባ እኮ። ሆዱን ቢነፋውስ?»

እትዬ ጫማቸውን እያራገፉ ተነሡ። «ይሄው፣ ወደ ጤናሽ ተመልሰሻል» አሉኝና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ያን ምሽት በጡጦው የቀረውን ወተት በሻምበል ሳህን ገልብጬ ሰጠሁት። በሰንሰለቱም መልሼ አላሰርኩትም። ቦቃ ዛሬ ወር ሞልቶታል፤ ሚጢ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ጠዋት ጠዋት አሁንም እቆጥራለሁ፤ ግን የምጀምረው ከሻምበል ነው። በጎቹ ሲወጡ ሹሩባ ካየችው አትምረውም፤ እሱም ይህን ስለሚያውቅ ምግቡን ሊበላ በቤቱ ጀርባ ዞሮ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በልቶ እስኪጨርስ ዱላ ይዤ አጠገቡ እቆማለሁ፤ ማን ያውቃል፣ በጊቱ አጥሩን ብትዘልስ?