ቅቤ የተቀባው ፍሬን

ጋሽ ይርጋ የሞተሯን የኋላ ፍሬን ቅቤ እንደቀቡት ጥሩወርቅ ያወቀችው፣ ከጉና ቁልቁለት ስትወርድ ፔዳሉን ብትረግጥ ብትረግጥ ሞተሯ አልቆም ብላት፣ የድንጋይ እርከን ጥሳ ገብስ ማሳ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው። እሷ አልተጎዳችም። የገብሱ ባለቤት ግን የፈረሰውን እርከን መልሳ እስክትክብ ድረስ ከአጠገቧ ንቅንቅ አላለም።

ማታ ቤቷ ገብታ ጎማውን ፈትታ ብታየው ዲስኩ ያብረቀርቃል፤ ሽታው ደግሞ የተነጠረ ቅቤ።

«አባባ፣ ይህን ማን ነው የቀባው?»

«እኔ ነኛ!» አሉ አማቷ ጋሽ ይርጋ፣ ምንም ሳያፍሩ። «በረገጥሽው ቁጥር እንደ ጅብ እየጮኸ የሰፈር መሳቂያ አደረገን። አሁን ዝም አለ።»

«ፍሬን እኮ ነው! ከተቀባ እንዴት ይይዛል?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ከባድ መኪና ነድቼ፣ ፍሬን ልታስተምሪኝ ነው?»

ለአማት ምን ይባላል? ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። ለባሏ ለአዳነ ስትደውልለት ግን አልቻለችም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘረገፈችው። አዳነ አንበሳሜ ከተማ አስተማሪ ነው፤ ወደ ቤቱ የሚመጣው በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ነው። ሰምቶ ሲጨርስ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ስልኩን ዘጋችበት።

ጥሩወርቅ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። ይህችን ባለአራት እግር ሞተር ሥራውን ጨርሶ ከተዘጋ ፕሮጀክት በጨረታ ነበር የገዟት። አሮጌ ብትሆንም መኪና የማይደርስበት ደጋ ሁሉ ትወጣለች፤ እሷ ከሌለች ጥሩወርቅም ሥራ የላትም። ቅቤ የጠጣ የፍሬን ሸራ ደግሞ ቢያጥቡትም አይድንም፤ መቀየር አለበት። አዳነ ባሕር ዳር ወርዶ አፈላልጎ በሚኒባስ ላከላት። ከፍታ ብታየው የፊት ፍሬን ሸራ ነው። መለሰችው። ሁለተኛው ሲመጣ ልኩ ሆነ። በነጋታው ጠዋት ገጥማው፣ በዚያው ለበግ ፈንጣጣ ክትባት ጉና ልትወጣ ቆረጠች። ገበሬዎቹም በጎቻቸውን ሰብስበው እንዲጠብቋት ለሞገስ ነገረችው። ሞገስ የጉናው መንደር ሽማግሌ ነው።

ጠዋት ክትባቱን ከመሥሪያ ቤት ማቀዝቀዣ አውጥታ፣ በበረዶ ሳጥን አድርጋ ስትመለስ፣ ጋሽ ይርጋ ግቢ ውስጥ ጄሪካን ላይ ተቀምጠው እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ።

«ጨርሼልሻለሁ። ሂጂ!»

«ምኑን ጨረሱት አባባ?»

«ሸራውን ነዋ! አንቺ ወዲያ ወዲህ ስትይ ቀኑ ሊመሽ ነው።»

ጎማው ታስሯል፤ ብሎኖቹም ጠብቀዋል። ጥሩወርቅ ጥርሷን ነክሳ ሞተሯን አስነሣች። በሩ ላይ ፔዳሉን ብትረግጠው እስከ ታች ድረስ ዘለቀ፤ ምንም አልያዘም።

«አይሠራም!»

«አዲስ ሸራ እኮ ነው! ደጋግመሽ ርገጪው እንጂ!»

ደጋግማ ረገጠችው፤ እውነትም ፔዳሉ ጠነከረ። ልክ መሆናቸው ይበልጥ አናደዳት። ትንሽ ነድታ ፍሬን ስትይዝ ግን ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚሰማው ጩኸት ጥርሷን አሳከካት፤ የጎረቤት ውሻ እያለቀሰ ሸሸ። ስልኳም ጠራ።

«ዶክተር፣ የት ደረሱ?» አለ ሞገስ። ዶክተር አለመሆኗን ነግራ ነግራው ደክሟታል።

«እየመጣሁ ነው።»

«ቅድምም እንዲሁ ብለውኝ ነበር። በጎቹ እንደታጎሩ ናቸው፤ ሰዉም ሊበተን ነው።»

ሞተሯን ወደ ግቢ መልሳ በክሪክ አነሣች፤ ጎማውን አወጣች፤ ሸራውን የሚጨብጠውን ብረትም ፈታች። የውስጠኛው ሸራ በትክክል ገብቷል። የውጭኛው ግን ተገልብጧል፤ ዲስኩን የሚነካው ሸራው ሳይሆን ጀርባው ብረቱ ነው። ዲስኩ ላይ አዲስ ጭረት ዞሮ ወጥቷል። ሰማይ ቢደፋባት እንዲህ አትናደድም ነበር።

«አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?» ብላ ሸራውን እጃቸው ላይ አስቀመጠችው።

ጋሽ ይርጋ አገላበጡት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ በአውራ ጣታቸው አንዱን ፊት ዳሰሱ፣ ሌላውንም ዳሰሱ። ጥሩወርቅ ያኔ ገባት። ሸራውን የሚያየው ጣታቸው እንጂ ዓይናቸው አልነበረም።

«ብረቱን ነው ወደ ዲስኩ ያዞርሁት?» አሉ ቀስ ብለው።

ከገብሱ ማሳ ጀምሮ ስታጠራቅመው የከረመችው ንዴት ሁሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ አሁን በማን ላይ ታውርደው? ይህም ራሱ አናደዳት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ዓይንዎ።»

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

«አባባ!»

ሸራውን መልሰው ሰጧት። «ቀኝ በኩል ጉም ነው። ግራውም ሊከተል መሰለኝ።»

«ታዲያ መንዳት ያቆምሁት ወገቤን አሞኝ ነው ሲሉን አልነበር?»

«ወገቤም ያመኛል።»

ጥሩወርቅ ሳቋ መጣ፤ አልሳቅም ብላ ዋጠችው። የዲስኩን ጭረት በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገች፣ ቅባት የነካውን ሁሉ በሳሙና አጠበች፣ ሸራዎቹን ፊት ለፊት አድርጋ ገጠመች። ብሎኑን ስታጠብቅ ጋሽ ይርጋ ሳይጠየቁ መጥተው ፔዳሉን በመዳፋቸው ይጫኑ ጀመር።

«ያዘ» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «ለአዳነ እንዳትነግሪው።»

«ሰኞ ሆስፒታል ከሄዱ አልነግረውም።»

«ካልሄድሁስ?»

«እነግረዋለሁ። ቅዳሜ መጥቶ እያለቀሰ ይወስድዎታል።»

ልጃቸው ሲያለቅስ ከማየት ሆስፒታሉ ሳይሻላቸው አልቀረም። «ምራት እንዲህ ናት» ብለው አጉረመረሙና ወደ ቤት ገቡ።

ጉና ስትደርስ ፀሐይ አዘንብላለች፤ ከገበሬዎቹ ግማሹ ሄዷል። ሞገስ እየዞረ አስጠራቸው። በበረዶ ሳጥኑ ውስጥ የቀረችው በረዶ ቁራጭ ነበረች፤ ክትባቱ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። ጀንበር እስክትጠልቅ ድረስ በግ ሲይዙላት ስትወጋ ቆየች። ስትመለስ ያ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ረገጠች፤ ሞተሯም ቀጥ ብላ ቆመች። እርከኑ ላይ የተቀመጠው የገብሱ ባለቤት ግን አላመናትም፤ እስክታልፍ ድረስ ተነሥቶ ቆሞ ጠበቃት።

ሰኞ ጋሽ ይርጋ ጋቢያቸውን ደርበው ከኋላዋ ተቀመጡ። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ትከሻዋን እየነቀነቁ ነዷት።

«ቀስ በይ! ፊት ለፊት ጋሪ ቆሟል!»

«ጋሪ አይደለም፣ ላም ናት።»

«ላምስ ቢሆን ይገጫል!»

ሐኪሙ የዓይን ሞራ መሆኑን ነገራቸው፤ ሲገፈፍ ይጠራል አላቸው። ጋሽ ይርጋ ተከራከሩት፤ ጉም እንጂ ሞራ አይደለም አሉት። ሐኪሙ ትዕግሥተኛ ነበር፤ ጥሩወርቅ አልነበረችም። «አባባ፣ ይበቃል!» ያለችበት ድምፅ ኮሪደሩን ሁሉ አስደነገጠው፤ እሷንም ጭምር። ቀጠሮም ተያዘ።

የቀኝ ዓይናቸው ፋሻ የተፈታ ዕለት አዳነም መጥቶ ነበር፤ ነገሩን ራሳቸው ነግረውት አልቅሶም ነበር። ጋሽ ይርጋ ዓይናቸውን አርገበገቡ። ልጃቸውን አዩ፤ ግድግዳውን አዩ። በመጨረሻ ምራታቸውን ረዘም አድርገው አዩና ደነገጡ።

«ውይ ልጄ! እንዲህ ከስተሻል?»

«በማን ምክንያት ይመስልዎታል?» አለች ጥሩወርቅ።

አዳነ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ፊቷን አይቶ ዘጋው። የሳቁት ጋሽ ይርጋ ናቸው።

«በእኔ ነዋ!» አሉ፣ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። ሐኪሙም ዓይንዎን አይንኩ ብሎ ተቆጣቸው።