መስታወቱ ገና አልመጣም

ባለሱቋ ሰው የምታውቀው በእጁ ነው። መዳፍ አንብባ ዕድል ትናገራለች ማለት ግን አይደለም፤ ዕድል ተናጋሪ ብትሆን ኖሮ የወጣትነት ዘመኗን ማረሚያ ቤት ውስጥ ስኳር ስትመዝን ባልጨረሰችው ነበር። የማረሚያ ቤቱ ሱቅ መስኮት ዝቅ ተደርጎ የተቆረጠ ጠባብ ቀዳዳ ነበር። ታራሚው ከውጭ ቆሞ እጁን ያስገባል፣ እሷ ከውስጥ ተቀምጣ ዕቃውን ታቀብላለች። ፊት የሚባል ነገር የለም፤ እጅና ድምፅ ብቻ። ደንቡም እንደ መስኮቱ ጠባብ ነው። ማርማላታ ከጠርሙስ ወደ ላስቲክ ይገለበጣል፣ ጫማ ያለ ክር ይሸጣል፣ ስለት ያለው፣ የሚሰበር፣ የሚያንጸባርቅ ነገር ደጁን አይረግጥም። ጥሬ ገንዘብም አይታይም፤ ዋጋው ቤተሰብ ካስቀመጠው ሂሳብ ላይ ይቀነሳል። ባለሱቋ ይህን ሁሉ ዓይኗን ጨፍና ትሠራው ነበር።

ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ የሠራተኞች ሱቅ ተዛወረች፤ ጉዷም ፈላ። መስኮቱ እንደ በር ሰፊ፣ ዕቃው ሁሉ ጠርሙስ በጠርሙስ፣ ገንዘቡ እጅ በእጅ። ብርጭቆ ያለ ጠባቂ ሲሸጥ ማየት ራሱ ያሳቅቃት ነበር። ከሁሉ የባሰባት ግን ፊት ነው። ሰው ሁሉ ፊቱን ይዞ ይመጣል! አንዱ ተኮሳትሮ፣ አንዷ አልቅሳ፣ ሌላው ያለ ምክንያት ፈገግ ብሎ። እሷ ፊታቸውን ስታይ ጆሮዋ ይደነቁራል፤ ሻይ ሲሏት ሳሙና፣ ሳሙና ሲሏት ባትሪ ታቀብላለች።

መላውን ያመጡት ታላቅ ወንድሟ ጋሼ ናቸው። ጋሼ የጦር ካምፕ መደብር ሲያስተዳድሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ስለሆኑ ስለ ሱቅ የማያውቁት ነገር ያለ አይመስላቸውም።

"እኛ ጋ ሰልፉ በማዕረግ ነበር" ይላሉ ሁልጊዜ። "ኮሎኔሉ ሲመጡ ሻምበሉ ወደ ኋላ። የኮሎኔሉ ሚስት ስትመጣ ደግሞ ኮሎኔሉ ራሳቸው ወደ ኋላ!"

አንድ እሑድ መዶሻቸውን ይዘው መጡና ሰፊውን መስኮት በጣውላ ደፈኑላት፤ ከታች እጅ የምታስገባ ክፍተት ብቻ ተዉ። ምስማሩን ሲመቱት ጠላት የሚመጣ ነበር የሚመስለው። ከሰኞ ጀምሮ ባለሱቋ ነፍሷ ተመለሰች። የሆስፒታሉ ሰው ግን ጎንበስ ብሎ መግዛቱ አልጣመውም፤ እያጉረመረመ "እትዬ መስኮት" የሚል ስም አወጣላት። እሷ እቴ፣ ደንታም አልሰጣት።

በማረሚያ ቤት ሳለች ከሁሉም አብልጣ የምትወደው አንድ እጅ ነበራት። የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ፣ ሁለት ጥፍር ሆኖ ያደገ እጅ። የእጁ ባለቤት የሚፈልገውን ሁሉ ካዘዘ በኋላ መጨረሻ ላይ "መስታወት መጣ?" ብሎ ይጠይቃል። መስታወት ክልክል እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። መጀመሪያ የጠየቃት ቀን ደንቡን ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር፤ ነገር ግን ድምፁ ውስጥ የሆነ ነገር አንጀቷን በላትና "ገና አልመጣም" አለችው። ከመስኮቱ ማዶ ሳቅ ሰማች። ከዚያ ወዲህ ሱቅ በተከፈተ ቁጥር "መስታወት መጣ?"፣ "ገና አልመጣም" ሆነ። አንድ ቀን ያ እጅ ከሰልፉ ቀረ። ተፈታ ይሁን ተዛወረ፣ ለባለሱቅ ማን ይነግራል?

እንግዲህ ነገሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሆስፒታሉ አዲስ አናጢ ቀጥሮ ነበር። አንድ ረፋድ፣ የሻይ ሰዓት ሰልፍ በተኮለኮለበት፣ በክፍተቱ አንድ እጅ ገባና "የልብስ ሳሙና" አለ። ባለሱቋ የተሰነጠቀውን ጥፍር አየች። ልቧ በደስታ ዘለለ፤ አፏም ከልቧ ቀድሞ፦

"ሳሙና አለ፤ መስታወቱ ግን ገና አልመጣም!" አለች።

እጁ ባለበት ደረቀ።

"ምን መስታወት?" የሚል የሴት ድምፅ ከኋላው መጣ። ፋርማሲስቷ ናት፤ ነገር ከሩቅ የምታሸት ሴት። "እትዬ፣ ከአዲሱ አናጢ ጋር ይተዋወቃሉ እንዴ?"

ባለሱቋ ያን ጊዜ ምላሷን ነከሰች። ከየት እንደመጣች መላው ሆስፒታል ያውቃል፤ ራሷ ናት በኩራት ያወራችው። እሷ የምታውቀው እጅ ደግሞ የት የነበረ እጅ እንደሆነ ለመገመት ብልህ መሆን አያስፈልግም። አናጢው ገና የሙከራ ጊዜውን አልጨረሰም፤ የየክፍሉን ቁልፍ ይዞ ነው የሚዞረው። ወሬው ከወጣ ቁልፉን አስረክብ፣ ቀጥሎም ደህና ሁን ይሉታል።

"አላውቀውም" አለች። ድምፅዋ ግን ራሷንም አላሳመናት። እጁ ሳሙናውን ሳይወስድ ወጣ።

ቤቷ ስትደርስ ራቷን ወደ ጎን ገፋችው። ለጋሼ ሁሉንም ዘረገፈችላቸው። "የሰው እንጀራ ዘጋሁ፣ ጋሼ! በገዛ ምላሴ!" ብላ እንባዋን ጠረገች።

"አታልቅሺ። እኔም ደርሶብኛል" አሉ ጋሼ ወንበራቸውን እየሳቡ። "ኮሎኔሉ የጸጉር ቀለም በድብቅ ያስመጡ ነበር። አንድ ቀን ቀልቤ የት እንደሄደ እንጃ፣ ሰልፉ ሙሉ ሰው ባለበት 'ጌታዬ፣ ጥቁሩ ቀለም መጥቷል' ብያቸው እርፍ።"

"ኧረ በሞትኩት! ከዚያስ?"

"ከዚያማ ቀጥሎ ለቆመው ሻምበል 'ጥቁሩ ቀለም መጥቷል' አልኩት። ለመቶ አለቃውም አልኩ። ራሰ በራ ለሆነው ወጥ ቤትም አልኩ። ያላልኩት ሰው የለም። ካምፑ ባለሱቁ ለየለት አለ እንጂ ኮሎኔሉን ማን አስታወሰ?"

ባለሱቋ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። በነጋታው በጊዜ ሱቋን ከፈተች።

የመጀመሪያው እጅ ገባ፤ የአምቡላንስ ሹፌሩ ነው። አፉን ሳይከፍት "ማስቲካ አለ፣ የጸሐይ መነጽር ግን ገና አልመጣም" አለችው። ሹፌሩ ሳቀ። በመታጠብ ብዛት የተላላጠ የነርስ እጅ መጣ፤ "የእጅ ቅባት አለ፣ ዕረፍት ግን ገና አልመጣም።" ሰልፉ ወደ ፊት ይጠጋጋ ጀመር። አንዳንዴ ደግሞ ትስታለች፤ አንዱን ሐኪም የልጆች ከረሜላ ትፈልጋለህ ብላው ልጅም ሚስትም የሌለው ሆኖ ተገኘ። "ቢሆንም ስጪኝ" አለና ወሰደ። በመጨረሻ ቀለበት ያለበት፣ አልኮል አልኮል የሚሸት እጅ ገባ።

"ክሬም ያለው ብስኩት" አለች ባለሱቋ። "ለራስሽ ነው፤ ቤት ሳትደርሺ የምትጨርሺው።"

ፋርማሲስቷ ሰው ሁሉ ሲስቅባት ራሷም ሳቀች። ለቀቅ ግን አላደረገችም። "ታዲያ ያ አናጢስ? መስታወት እንደሚፈልግ እጁ ነው የነገረዎት?"

"ጥፍሩ ሥር ሙጫ አየሁና ቁም ሳጥን እየሠራ መሰለኝ። ቁም ሳጥን ደግሞ መስታወት ይፈልጋል። ሰው አይሳሳትም እንዴ?"

ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸች፤ ፊቷ እንደ በርበሬ መቅላቱን ግን ጣውላው ሸፈነላት። ፋርማሲስቷ "እኔ ደግሞ ሌላ ነገር መስሎኝ!" ብላ ብስኩቷን ገምጣ ሄደች። ወሬውን በዚያው ውሃ በላው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቁ ደራ። ምንም የማይገዛው ሁሉ "ለእኔስ ምን አልመጣም?" እያለ እጁን ያስገባል። ያ እጅ ግን አልመጣም። ባለሱቋ ሳይወስድ የተወውን ሳሙና መደርደሪያው ጥግ አስቀምጣለት በየቀኑ ታየዋለች። ሥራው ተርፎለታል፤ እሱ ግን ከእሷ መራቁን መርጧል። ማን ይፈርድበታል?

አንድ ከሰዓት አስተዳዳሪው ጎንበስ ብለው በክፍተቱ አናገሯት። "ወገባችን ተቆረጠ፣ እትዬ። ነገ ጠዋት አናጢው መጥቶ ይህን ጣውላ ያነሳዋል።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሞቼ እገኛለሁ ባለች ነበር። ያን ዕለት ግን "እሺ" ብላ ሱቁን ዘጋችና ገበያ ወጣች።

በማግስቱ ሰው ሳይመጣ ጉጠቱ ይጮህ ጀመር። የጋሼ ምስማር በቀላሉ የሚወጣ አልነበረም፤ ከማዶ ትንፋሽና እርግማን ይሰማል። በመጨረሻ ጣውላው ተነቀለና ፊት ለፊት ተያዩ። ጆሮው ትልልቅ፣ ጸጉሩ ከወዲሁ የሸበተ ጎልማሳ ነው። ከእጁ ተነስታ የገመተችው መልክ አልነበረም።

"እኔ እኮ ወፍራም ይመስሉኝ ነበር" አለ እሱ ቀድሟት። "በድምፅዎ።"

"ልጄ፣ ይቅር በለኝ። ደስታዬ ነው ያስለፈለፈኝ። ስትቀር ሞቷል ብዬ ሁሉ አስቤ ነበር።"

አናጢው ጉጠቱን አገላበጠ። "መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። እንዴት እንዳድበሰበሱት ስሰማ ደግሞ ለመምጣት አፈርኩ።" ጉጠቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። "እዚያ ቤት 'ክልክል ነው' ያላለኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። እሱን ለመስማት ነበር የምሰለፈው።"

ባለሱቋ ወደ መደርደሪያው ጥግ ዞረች። ሳሙናውን አንስታ ሰጠችው። በዚህ መሐል የሻይ ሰዓት ደርሶ ሰልፉ ተኮልኩሏል፤ ፋርማሲስቷም እንደ ልማዷ ከፊት ናት። አናጢው መሣሪያውን ሰብስቦ ሊሄድ ሲል ዞር አለና ሰው ሁሉ እየሰማ፦

"እትዬ፣ መስታወት መጣ?" አለ።

ሰልፉ ሳቀ፤ የሱቁ ቀልድ ነው። ባለሱቋ ግን ጎንበስ ብላ ከባንኮኒው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች።

"መጣ" አለች።

በሁለት እጁ ተቀብሎ ጋዜጣውን ገለጠው። ከመዳፍ ብዙ የማትበልጥ መስታወት ናት። ፋርማሲስቷ በትከሻው ላይ አንጋጣ አየችና "ለቁም ሳጥን ይቺ አታንስም?" አለች።

"ትበቃኛለች" አለ አናጢው፣ ፊቱን እያየ።