አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ

«ስኳር ስንት ነበር የሚያደርገው?»

ጠያቂዋ የሟች ታላቅ እህት ናት። ቤተሰቡ «ዳኛዋ» ይላታል፤ በዚህ ቤት ያለ እሷ ፍርድ የተዘጋ ጠብ የለም። ለቅሶው ስድስተኛ ቀኑን ይዟል፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው አስከሬን ገና አልደረሰም። ዳኛዋ የሻይ ትሪውን እንደያዘች ልብስ ሰፊዋ ፊት ቆማለች፤ ሳሎኑን የሞሉት ሴቶችም ወሬያቸውን አቁመዋል።

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። የሟች ሚስት ናት፤ ቢያንስ በወረቀት።

«ምንም አያደርግም እትዬ። ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው።»

ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንቀጫቀጩ።

«አራት ማንኪያ!» አለች ዳኛዋ። «እኔ ነኝ ያሳደግሁት። እናታችን ስኳሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ትቆልፍበት ነበር። ይኼን የማታውቅ ምን ዓይነት ሚስት ናት?»

ሹክሹክታው ተነሳ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የዚህ ቤት ሹክሹክታ ግን ባለቤቱን ፈልጎ የሚመጣ ዓይነት ነበር። «እኔስ ብያለሁ፣ አንድ ዘለላ እንባ እንኳ አልወጣትም» አለች በር አጠገብ የተቀመጠች ጎረቤት።

ዳኛዋ ጎንበስ ብላ ድምፅዋን ቀነሰች። «ነገ ሲቀበር ከቤተሰብ ጋር ከፊት አትቆሚም። የወረቀት ሚስት ለወረቀቷ ታልቅስ።»

ልብስ ሰፊዋ ከትሪው አንድ ብርጭቆ አንስታ አቀረቀረች፤ ነገሩ ሐሰት አይደለማ። አባቷ አናጢ ነበሩ፤ ሟችን ከመጋዝ አያያዝ ጀምረው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ታመው አልጋ ላይ በወደቁ ጊዜ ከባሕር ማዶ ሊጠይቃቸው መጣ። «ልጄን አንተ ወዳለህበት አሻግርልኝ» አሉት። ቪዛ የሚገኘው በጋብቻ ብቻ ነበርና ሁለቱ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፈረሙ፤ ቀሚሷንም ራሷ ሰፋችው። ውሉ ቀላል ነው፦ ትሻገራለች፣ ዓመት ይቆያሉ፣ ከዚያ እሱም በመንገዱ እሷም በመንገዷ። በፈረሙ በአሥራ አንደኛው ቀን እሱ ተመልሶ ሄደ።

ከዚያ የስልኩ ትምህርት መጣ። ለቪዛው ቃለ መጠይቅ ባልና ሚስትን ለየብቻ ይጠይቃሉ፤ መልሳቸው ካልገጠመ አለቀላቸው። እሷ ስድሳ ጥያቄ የደንበኞቿን ልክ በምትይዝበት ደብተር ላይ ጻፈች። በየት በኩል እንደሚተኛ፣ ጉልበቱ ላይ ያለው ጠባሳ ከየት እንደመጣ፣ ሁሉም በሰው ወገብና ትከሻ ልክ መሀል ሰፈረ።

«አሥራ ሰባት፣ ሻይ» አለችው አንድ ቀን። «እኔ ያለ ስኳር ነው።»

«እኔም» አላት ቸኩሎ።

«እውነትህን ነው?»

«ጻፊው አልኩሽ እኮ!»

ስድሳው ጥያቄ አለቀ፤ ስልኩ ግን አላለቀም። «ስድሳ አንድ፦ ዛሬ ምን ስትሰፊ ዋልሽ?» ይላት ጀመር። ይኼን የትኛውም የቪዛ ሹም አይጠይቅም። ወደደችው። ልትነግረው ፈራች፤ ወረቀቱን ሰበብ አድርጋ ልታስረው የፈለገች ይመስላላ። ስሻገር ፊት ለፊት እነግረዋለሁ ብላ በሆድዋ ያዘችው። ቃለ መጠይቁ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እሱ ከሚሠራበት ፎቅ ወደቀ። አሁን በምን መብቷ እንደምታለቅስ ግራ ገብቷት ዓይኗ ደርቋል።

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑን አጅቦ የመጣው ሰው ሬሳውን እስከ ነገ ሆስፒታል አስቀምጦ፣ የሟችን ሻንጣ ይዞ፣ በሩ እንዳይመታው ጎንበስ ብሎ ገባ። አምስት ዓመት አንድ ክፍል የተጋራው ጓደኛው ነው፤ «ረጅሙ» ይሉታል። ተላቀሱ። ዳኛዋ ዓይኗን ጠርጋ ሻይ ሰጠችው፤ አንድ ጊዜ ፉት እስኪል እንኳ አልታገሰችም።

«አብረኸው የኖርክ አንተ ነህ። እዚሁ ሰው ሁሉ ፊት ንገረኝ፤ ሻይ እንዴት ነበር የሚጠጣው?»

ልብስ ሰፊዋ ያልጠጣችውን ብርጭቆ እንደያዘች ቀና አለች። ነገ ከፊት መቆሟ በዚህ ሰው አንደበት ላይ ነበር።

«ሻይ?» ረጅሙ ግራ ገባው። «ድሮማ ሻይ ነው ይባላል? ስኳር ነበር የሚጠጣው፤ አራት ማንኪያ።»

ዳኛዋ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ሰማችሁ?»

«ኋላ ግን ተወው» አለ ረጅሙ። «ባንድ ጊዜ እንዳይመስልዎት፤ ከአራት ሦስት፣ ከሦስት ሁለት እያለ፣ ፊቱን እንደ ኮሶ ጠጪ እያጨማደደ። ‹ምን አስጨነቀህ?› ስለው፣ ‹ዋሽቻት ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ሳትመጣ እውነት ላድርገው እንጂ› አለኝ። ‹ለዓመት ያህል ምን አለፋህ?› ብለው ደግሞ፣ ‹ዓመቱ ሲያልቅ አትሂጂብኝ እላታለሁ› አለ።»

ልብስ ሰፊዋ በአንድ እጇ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። የስድስት ቀኑ እንባ ባንዴ መጣ፤ የሚያቆመውም አልተገኘ።

ዳኛዋ ትሪውን አስቀመጠች። ከዚያ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች፤ የቀዘቀዘውን ብርጭቆ ከእጇ ወስዳ ትኩስ ሻይ ቀዳችላት።

«ስንት ላድርግልሽ?»

«አራት» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ዳኛዋ አንድ በአንድ ጨመረችና አማሰለችላት። ልብስ ሰፊዋ በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷን እያጨማደደች፣ እስከ አተላው ጠጣችው።