የገላ አጣቢዋ ገመና

«የኔን ጀርባ ባሌ እንኳን እንደሷ አያውቀውም» አሉ አንዲት አሮጊት፣ ለለቀስተኛ የቀረበውን ቀይ የሥጋ ሾርባ በማንኪያ እያማሰሉ። «ያ ሰካራም በቀበቶ የገረፈኝ ሰሞን መታጠቢያ ቤት ሄጄ በሆዴ ተጋደምኩላት። አየችው። ምን አለችኝ መሰላችሁ? ‹ዛሬ ቀስ ብዬ ነው የማሽሽ።› በቃ! ለሰው ትንፍሽ አላለችም።»

«የቡንሬ ሆድማ ጉድጓድ ነው» አሉ አጠገባቸው የተቀመጡት። «የሱንቾን ከተማን ሴት ሁሉ ገመና ይዛ ነው የሄደችው።»

ሚራን በሆስፒታሉ ምድር ቤት ባለው የልቅሶ አዳራሽ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ነጩን የሐዘን ሪባን ፀጉሯ ላይ ሰክታ፣ ሳህን ታነሳ ነበር። የሟች ልጅ ናት፤ ሳህን ማንሳት የሷ ሥራ አልነበረም። ግን ቁጭ ካለች ሰው ስለ እናቷ ያወራታል፤ ስለ እናቷ ሲወራ ደግሞ የምትገባበት ይጠፋታል።

እናቷ ቡንሬ ዕድሜዋን ሙሉ በሕዝብ መታጠቢያ ቤት የሴት ገላ ስታሽ ኖረች። በዚያው ክንዷ ሚራንን አስተምራ ነርስ አደረገቻት። ሚራንም ቆይታ መምህር ሆነች፤ የመርሳት በሽታ የያዛቸው አረጋውያን እንዴት እንደሚያዙ ለነርሶችና ለነርስ ተማሪዎች ታስተምራለች። በሙያዋ ስሟ የተጠራ ነው። በሽታው ግን ዞሮ ዞሮ የራሷን በር አንኳኳ፤ እናቷን ያዘ።

ተማሪዎቿ ወደ ምሳ ሰዓት ላይ መጡ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ነጭ አበባ አኖሩ፣ ለሟቿ ፎቶግራፍ ሁለት ጊዜ ሰገዱ። ሌሎቹ ሲነሱ ዳሶም የምትባለዋ ቀረች። በጉልበቷ ወደ ፎቶግራፉ ተጠጋች፣ ዓይኗን ከእማማ ቡንሬ ዓይን ትክክል አደረገችና ጎላ ባለ ድምፅ «እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ዳሶም እባላለሁ፤ የነርስ ተማሪ ነኝ» አለች።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከሟች ጋር የሚተዋወቅ ሰው የት ታይቶ! ልጅቷ ግን እንደተማረችው ነው ያደረገችው። «የሚረሳ ሰው ጋ በቀረባችሁ ቁጥር ከፊቱ ትክክል ሁኑ፣ ስማችሁን ንገሩት» የሚለው የሚራን የመጀመሪያ ትምህርት ነበር።

«የኔ ልጅ፣ እህቴን የት ነው የምታውቂያት?» አለቻት የሚራን አክስት።

«በቪዲዮ ነው፣ እማማ። ገላቸውን ሲታጠቡ የተቀረፀ ነው፤ መምህራችን ክፍል ውስጥ ያሳዩናል። መጀመሪያ እንዴት እንደሚፈሩ፣ እንደሚያለቅሱ፣ ኋላ በፎጣ ሲሸፈኑ እንዴት እንደሚረጋጉ።» ዳሶም እንባዋን ጠረገች። «ባለፈው አንድ ሽማግሌ ሲታጠቡ እንዲያ ቢሆኑብኝ፣ እማማ ቡንሬን አስቤ ነው የሸፈንኳቸው። ላመሰግናቸው ነው የመጣሁት።»

አሮጊቶቹ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። በሩ አጠገብ እንግዳ ይቀበል የነበረው የሚራን ታላቅ ወንድም ዶንግቾል ቀና ብሎ ሚራንን አያት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሚራን ቪዲዮውን የቀረፀች ቀን ስልኳን ከሻምፖው ጎን አቁማ ነበር። እናቷ ውሃው ሲነካት ጡቶቿን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጥግ ሸሸች። ልጇን እንደ ደንበኛ ቆጥራ «እሜቴ፣ ምን አደረግሁዎ?» እያለች ለመነቻት። ሚራን ያንን ቆርጣ ማውጣት ትችል ነበር። ፊቷን ማደብዘዝም ትችል ነበር። ግን ፍርሃቱ ያለው ፊቷ ላይ ነው፤ ተማሪ ደግሞ ፍርሃቱን ካላየ አይማርም አለችና ተወችው። ጥሩ ትምህርት ወጣው። እንዲያውም ሰው አጨበጨበላት።

ዶንግቾል እንግዳው እስኪያልፍ ጠበቀና ጫማ መደርደሪያው ጋ ጠራት።

«ራቁቷን?»

«እስከ ወገቧ ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

«እስከ ወገቧ!» ሳቀ፤ ሳቁ ከለቅሶ የከፋ ነበር። «ፈቅዳልሻለች?»

«ነገሩ አይገባትም ነበር።»

«ስለማይገባት ነዋ የደፈርሻት! እሷ የአገሩን ሴት ሁሉ ራቁት አይታ አንዲት ቃል አልወጣትም። አንቺ አንድ እናት ነበረችሽ፤ አንድ!»

«ለስንት በሽተኛ ጠቅሟል…» ብላ ጀመረችና ተወችው። እውነቷን ነበር፤ እውነትነቱ ግን ከሐፍረቱ ቅንጣት አልቀነሰላትም።

«ነገ አጥበው ሲከፍኗት እንዳትገቢ» አላት። «አንቺ አይተሽ ጠግበሻል።»

ዳሶም ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። «መምህር፣ ያልሆነ ነገር ተናገርኩ እንዴ?»

«የለም፣ ልጄ። ያስተማርኩሽን ነው የተናገርሽው።» ልጅቷ ስትሄድ ሚራን ቪዲዮውን ከስልኳ አጠፋችው፤ ካዩት ሁሉ ዓይን ግን ማን ያጠፋዋል?

በማግስቱ ዘመዶች ወደ መገነዣው ክፍል ሲገቡ ሚራን ኮሪደሩ ላይ ቀረች። ከእናቷ ፊት ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የምትገናኝበት ሰዓት ይኸው ነው፤ ከዚህ በኋላ ሳጥኑ ይዘጋል። የአክስቷ ድምፅ ከውስጥ ተሰማት፦ «ልጇ እኮ ናት! ሰው ምን ይላል?» ቆየት ብሎ በሩ ተከፈተ። ዶንግቾል ነው፤ ዓይኑ ደም መስሏል።

«ግቢ» አላት። «እማዬ ፊት አንጣላም።»

ገባች። እናቷ ነጭ ጨርቅ ለብሳ ተጋድማለች፤ ገናዡ ሊያጥባት ጨርቁን በጣቱ ይዟል። ሚራን ሌሊቱን ሙሉ የተመኘችው ይህን ነበር። ጨርቁ ሲነሳ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ግድግዳው ላይ አፈጠጠች።

«ሚራን፣ መጨረሻዋ ነው እኮ! እያት እንጂ» አለች አክስቷ።

አልዞረችም። እርጥቡ ፎጣ ሲጨመቅ፣ ከፈኑ ሲንኮሻኮሽ ትሰማለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ለበሰች?»

«እየለበሰች ነው።»

«እግሯስ?»

«ካልሲ አድርገውላታል።»

«አንገቷስ?»

የዶንግቾል እርምጃ ተሰማ፤ ጨርቅ ሳብ ሲደረግም ሰማች።

«ተሸፍኗል» አላት።

ያኔ ዞረች።