ሁለት ቴራ

«እስቲ አንዴ ድገመው፣ ባርናባስ» አለች ዳግማዊት፣ ጥቁር ነጠላዋን ከአፏ ላይ ሳታነሳ።

ባርናባስ የሟቹ ባሏ የረዳኢ ጓደኛ ነው፤ ኮምፒውተር ይጠግናል። የሣልስቱ ዕለት ነበር። ውጭ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ይዞራል፤ እሱ ሳሎን ተቀምጦ፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ሃርድ ዲስክ ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ ያልበዋል። «ኣርሴማ» የሚለውን ፎልደር ድጋሚ ከፈተ። አሥራ አምስት ቪዲዮዎች ተደርድረዋል፤ ከ«አራተኛ ልደት» ይጀምሩና «አሥራ ስምንተኛ ልደት» ላይ ያበቃሉ። ስማቸው አለ፣ ቀናቸው አለ። ሲነካቸው ግን አንዱም አይከፈትም።

የረዳኢ ታላቅ እህት ኣኽበረት ፊት ለፊት ተቀምጣለች። የወንድሟን ድምፅ ሳትሰማ ወደ ውቕሮ ላትመለስ ምላለች።

ረዳኢ የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ሠራተኛ ነበር፤ የጠርሙሱን ስም ከፊትም ከኋላም የሚጽፍ ዓይነት ሰው። ኩላሊቱ ተስፋ ሲያስቆርጠው፣ በየጠዋቱ የቤቱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ለሦስት ዓመቷ ልጁ ለኣርሴማ እየተቀረጸ ተናገረ፤ ለየልደቷ አንድ አንድ። ብዙም ሳይቆይ ኮምፒውተሩም እንደ ባለቤቱ ታመመ፤ ዲስኩ ቋ ቋ ይል ጀመር። ረዳኢ ዓይደር ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሚስቱን አዘዛት።

«ሁለት ሃርድ ዲስክ ግዢ። አንዱ ቤት፣ አንዱ ኣኽበረት ጋ ይቀመጥ። የሚይዙት አንድ አንድ ቴራ ይበቃል። ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ዕቃ እንዳትገዢ። ከገለበጥሽ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱን ከፍተሽ እስከ መጨረሻው እዪው።»

ሻጩ ሁለት ዓይነት አቀረበላት። አንዱ ጥቁር፣ ወፍራም፣ አንድ ቴራ። ሌላው ብርማ፣ ቀጭን፣ ሁለት ቴራ። «ይቺ የሁለቱን ሥራ ብቻዋን ትሠራለች» አላት። ዳግማዊት የደብረ ብርሃን ልጅ፣ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ሁለት ከአንድ እንደሚበልጥ ማን ሊነግራት! ብርማዋን ይዛ ገባች።

ስትገለብጥ እግር ኳሱን፣ ፊልሙን፣ የፈተና ወረቀቱን አስቀደመች። «ኣርሴማ»ን መንካት ፈርታ መጨረሻ ላይ አስገባችው። መክፈቱንማ አላሰበችውም። በሕይወት ያለ ባል ሞቶ የሚናገረውን መስማት ሟርት ነው፤ ከከፈተችው በእጇ የምትገድለው መሰላት። በማግስቱ ሆስፒታል ሄዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ ረዳኢዬ። አሥራ ስምንተኛው ላይ አለቀስኩ።»

ሳቀ። በሽታው ከጠናበት ወዲህ እንዲያ ስቆ አያውቅም። ኮምፒውተሩ በሳምንቱ ጭራሽ አልበራ አለ፤ እሷ ግን አልደነገጠችም።

«የውሸት ዕቃ ነው» አለ ባርናባስ በመጨረሻ። «የሚይዘው ጥቂት ነው። መጀመሪያ የገባው ተቀምጧል። ከሞላ በኋላ ስም ብቻ እየመዘገበ ሌላውን ሲጥል ነው የከረመው። የኮምፒውተሩንም የድሮ ዲስክ ፈትቼ አይቼዋለሁ፤ ተፍቆ አልቋል።»

«የተቀመጠው ምንድን ነው?» አለች ኣኽበረት።

አንዱን ነካ። የስታዲየም ሕዝብ «ጎል!» ብሎ ጮኸ። ድንኳን ውስጥ የነበሩት ለቀስተኞች አንገታቸውን አዙረው አዩ። ባርናባስ ድምፁን ለማጥፋት ቁልፉን ፈልጎ አጣው።

ኣኽበረት ጩኸቱ እስኪቆም ታገሠች።

«ሓወይ ረዳኢ ደውሎልኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «‹ዳግማዊት ሁሉንም ኣይታዋለች፤ ኣስለቀስኳት፤ ከእንግዲህ ብሞት ግድ የለኝም› ኣለኝ። እስቲ ንገሪኝ፣ ኣንቲ። ወንድሜ ምን ብሎ ነው ያስለቀሰሽ?»

ዳግማዊትን እፍረቱ ከሐዘኑ በለጠባት።

«ሟርት ፈርቼ ነው» አለች።

«ሟርቱስ መች ቀረልሽ።»

ትንሿ ኣርሴማ ንፍሮ በእጇ ጨብጣ ከድንኳኑ ገባች። ላፕቶፑን ስታይ ፊቷ በራ። «አባዬ ሊያወራኝ ነው?» አለች።

ባርናባስ ዲስኳን መንጭቆ ሊያወጣ እጁን ሲዘረጋ ዳግማዊት ያዘችው።

«እንዲያ አይነቀልም፤ የውስጡ ይበላሻል።»

ረዳኢ እንዳስተማራት፣ መጀመሪያ «አስወጣ» የሚለውን ነካች። ትንሿ ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም አለች። እስክትጠፋ ጠብቃ፣ ቀስ ብላ ነቀለቻት።