ከሰሌዳው በላይ፣ ከሰሌዳው በታች

፩

«ክንዴን የሚደርስበት የለም አልኩህ!»

«ዳገቱንስ እሺ። ቁልቁለቱ ግን የሽባባው ነው!»

ደንበኛው ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደለበሰ ቀርቷል። ምላጩ አየር ላይ ነው። ምላጩን የያዘው ይርሳው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ በመስኮት አንገቷን አስግጋ የምትሟገተው ማስተዋል ደግሞ ጎረቤቱ፣ ልብስ ሰፊዋ። ባሕር ዳር ላይ ጎን ለጎን ሱቅ ከከፈቱ ወዲህ በብስክሌት ውድድር ጉዳይ አንድ ቀን ተስማምተው አያውቁም። በሌላው ሁሉ ግን አንድ ናቸው። እሷ ስትታመም ሱቋን የሚከፍትላት እሱ ነው፤ እሱ ሲከፋው ምሳ ይዛ የምትመጣው እሷ ናት።

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ጨርሱልኝ!» አለ ደንበኛው።

፪

ንጽጽር (ያለ አንዳች አድልዎ የተዘጋጀ። አዘጋጅ፦ ይርሳው። የተለጠፈበት ቦታ፦ የፀጉር ቤቱ መስታወት።)

ሽባባው፦ ጭኑ ግንድ ነው። የመጨረሻዋ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ከተነሳ የሚያቆመው የለም። በአምስት ቀኑ የጣና ዙሪያ ውድድር ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ወጥቷል። ዘንድሮ የመጨረሻው ነው፤ ከዚህ በኋላ ብስክሌቱን እሰቅላለሁ ብሏል። ዘንድሮ ካላሸነፈ መቼም አያሸንፍም።

ክንዴ፦ ልጅ ነው። ዳገት ላይ ደህና ነው።

(በማስተዋል እጅ፣ ከሥር፦ «ደህና ነው» ብሎ ነገር! ልጁ ዳገት ሲያይ ይስቃል! አንተ ምቀኛ!)

፫

የሽባባውን አረንጓዴ ማሊያ ለይርሳው የሰፋችለት ራሷ ማስተዋል ናት። «ለባላጋራ ማሊያ ስሰፋ ዋልኩ፣ እኔን ብሎ ሰው» እያለች፣ መርፌውን እየወጋች፣ ጀርባው ላይ «ሽባባው» የሚለውን ስም ፊደል በፊደል ጠለፈችው። ስፌቱ እንከን የለውም። ብትናደድም እጇ ሥራ አያበላሽም።

፬

አንደኛ ቀን፦ ሽባባው! ይርሳው ሦስት ሰው በነፃ ላጨ።

ሁለተኛ ቀን፣ የደብረ ታቦር ዳገት፦ ክንዴ! ማስተዋል መንገድ ላይ ወጥታ እልል አለች።

ሦስተኛ ቀን፦ የሽባባው ጎማ ፈነዳ። ይርሳው ራዲዮኑን ዘጋው። ከፈተው። ዘጋው። ደንበኞቹ ቀምተው ከፈቱት።

አራተኛ ቀን፦ ሽባባው እንደገና!! አሁን በጠቅላላ ሰዓት የሚመራው ክንዴ ነው፤ ልዩነቱ ግን ስምንት ሰከንድ ብቻ። ስምንት ሰከንድ ማለት፣ አንባቢዬ፣ ይህን ቁራጭ አንብበህ ሳትጨርስ የሚያልቅ ጊዜ ነው።

፭

የመጨረሻውን ቀን ለማየት የምትከተለው መመሪያ፦

ቤዛዊት ኮረብታ ላይ በጠዋት ውጣ። ጥላ ፈልግ። ጉሮሮህን አስቀድመህ አትጨርስ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሰሌዳ ቆሟል፦ «ከዚህ በላይ ለተወዳዳሪ ውሃ ማቀበል ክልክል ነው።» የተቀበለ ተወዳዳሪ ሃያ ሰከንድ ይጨመርበታል። በአስፋልቱ ከመጣህ ሰሌዳውን ታየዋለህ። በእግር መንገዱ አቋርጠህ ከወጣህ ግን አታየውም።

ይርሳው በአስፋልቱ መጣ።

ማስተዋል ውሃዋን ይዛ በእግር መንገዱ አቋረጠች።

፮

«መጡ! መጡ! መጡ!»

ኮረብታው በጩኸት ተናወጠ። ከመታጠፊያው ሁለቱ ብቻቸውን ብቅ አሉ፤ ቢጫው ክንዴ፣ አረንጓዴው ሽባባው፣ ትከሻ ለትከሻ! ይርሳው ኮፍያውን ወረወረ። የማን ኮፍያ እንደነበር እስካሁን አልታወቀም። ክንዴ ከመቀመጫው ተነሳ፤ ሽባባው ጥርሱን ነክሶ ተከተለው። «በለው! በለው የኔ አንበሳ!»

ያኔ ነው ይርሳው ማስተዋልን ያያት። ከሰሌዳው በላይ ቆማ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ኮዳ ዘርግታለች። የጠማው መንገደኛ ሲያልፍ ውሃ የማታቀብል ሴት እዚህ አገር የለችም፤ ማስተዋልም ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ይርሳው ግን ደንቡን በቃሉ ያውቀዋል። «ማስቴ፣ ተይ!» ለማለት ጊዜ ነበረው።

፯

ዝም።

፰

ይህን ቁጥር ባዶ ልተወው አስቤ ነበር። ለይርሳው ስለማዳላ። በጩኸት ድምፁ ተዘግቶ ነበር ብል ደስ ባለኝ። ግን አልተዘጋም። ሦስቱ ዓመት ፊቱ ላይ ድቅን አለበትና አፉን ያዘ።

ክንዴ ተቀበለ፣ ጠጣ፣ ኮዳውን መታጠፊያው ላይ ወረወረ፣ አንደኛ ገባ! በጠቅላላ ሰዓት አሥራ አንድ ሰከንድ በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። ማስተዋል እየሮጠች መጥታ ይርሳው አንገት ላይ ተጠመጠመች። «አይክፋህ እሺ? አይክፋህ! ዛሬ ምሳ በእኔ ነው!» ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። ይርሳው በቁሙ አፈረ።

፱

ግልባጭ

ዳኛ፦ እህቴ፣ ይህ ኮዳ የእርስዎ ነው?

ማስተዋል፦ አዎ ጌታዬ። ምነው?

ዳኛ፦ እኔ ከኋላ በሞተር ነበርኩ፤ ልጁ ሲወረውረው ብቻ ነው ያየሁት። ከሰሌዳው በታች ከሰጡት ችግር የለም። በላይ ከሆነ ሃያ ሰከንድ ይጨመርበታል፤ ዋንጫውም ለሽባባው ይሆናል።

ማስተዋል፦ የምን ሰሌዳ?

(ዳኛው ወደ ታች ያሳያታል።)

ማስተዋል፦ ወየው! ወየው ልጄን!

ዳኛ፦ በላይ ነው በታች?

ማስተዋል፦ (እጇን አፏ ላይ ጭናለች።)

ዳኛ፦ ወንድሜ፣ እርስዎም እዚያው አካባቢ ነበሩ። የሽባባው ደጋፊ መሆንዎን ማሊያዎ ይናገራል፤ ለክንዴ ብለው አይዋሹም። እርስዎ ያሉትን እጽፋለሁ።

፲

ሽባባው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። የራስ ቁሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አራተኛውን ሁለተኛነቱን ይዞ፣ መሬት መሬት ያያል። ክንዴ መድረኩ ሥር እናቱን በስልክ እየጠራ ነው፤ «እማ! እማ! ሰማሽ?» ይላል።

ማስተዋል ይርሳውን ቀና ብላ አላየችውም። አድንልኝ አላለችውም። የማሊያውን ጫፍ ግን፣ ራሷ የቀመቀመችውን፣ ሳይታወቃት ይዛዋለች።

ዳኛው እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

፲፩

ይርሳው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከሰሌዳው
                              »